ራሱን በራሱ የሚገጣጥም ፔፕታይድ መድኃኒት በተላመደ ካንሰር ላይ፦ ውጤቱ ለምን አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይጠፋል?

ሰንሰለት23

ጤና ይስጥልኝ። በኢንዛይም ስለሚቀሰቀስ የፔፕታይድ መገጣጠም ብዙ ተብሏል፤ ወሬው ግን ሥዕሉ ላይ ያቆማል። ፕሌቱ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚበላሽ የሚናገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ሞለኪዩሉ የታወቀው ነው፦ አንድ ጫፉ በናፍታሊን-አሴቲል የተዘጋ፣ ቀጥሎ ሁለት ዲ-ፌኒልአላኒን («ዲ-» ማለት የተፈጥሮው «ኤል-» ቅርጽ የመስታወት ግልባጭ ነው)፣ መጨረሻው ላይ ፎስፌት የተሸከመ ዲ-ታይሮሲን። ፎስፌቱ እስካለ ድረስ ውሃ ውስጥ ለየብቻው ይዋኛል። ካንሰሩ ሴል ላይ ያለው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲቆርጥለት ውሃ የሚጠላው ወገን ያይላል፤ ሞለኪዩሎቹ ይደራረቡና ሴሉ ዙሪያ ናኖፋይበር ይጎነጎናል። ፎስፌቱን የተሸከመውን «ቀዳሚ» እለዋለሁ።

ጥያቄዎቹ፦ አንደኛ፣ ያው ቀዳሚ በ100 ማይክሮሞላር በአንዱ ዙር ሴሉን ሲጨርስ በሌላው ዙር ምንም አያደርግም፤ ለምን? ሁለተኛ፣ ሲስፕላቲንን (ፕላቲነም ያለበትን የካንሰር መድኃኒት) በተላመደው የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ሴል ኤ2780 ሲስ ላይ ከሲስፕላቲን ጋር ሲጣመር ምን ዓይነት አሠራር ይሻላል? ሦስተኛ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በፋይበሩ ተጭኖ እሱን በተላመደው ሴል ኤምሲኤፍ-7/ኤዲአር ውስጥ ቢገባ ፓምፑን (መድኃኒትን ከሴል የሚያወጣውን ፒ-ግላይኮፕሮቲን) ያመልጣል ወይ?

ማይክሮሊትር

ከስቶኩ (ኋላ ከሚበረዘው ወፍራም ብጥብጥ) እንጀምር፤ ግማሹ ችግር እዚያ ነው።

የቀዳሚው ክብደት 723.7 ነው። 1 ሚሊሊትር የ10 ሚሊሞላር ስቶክ 7.24 ሚሊግራም ይፈልጋል። ዱቄቱ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም፤ ሦስቱ አሲዶች (አንዱ ካርቦክሲል፣ ሁለቱ ከፎስፌቱ) ገና ፕሮቶናቸውን አለቀቁም። በ900 ማይክሮሊትር ውሃ ይጀምሩና 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ5 በ5 ማይክሮሊትር እየጨመሩ ይነቅንቁ። ከ25 እስከ 30 ማይክሮሊትር ሲገባ ድንገት ይጠራል። ፒኤች 7.4 መሆኑን አይተው በውሃ 1 ሚሊሊትር ይሙሉ።

ይህ ቁጥር ራሱ መመርመሪያ ነው። 10 ማይክሮሞል ሦስት አሲድ ቢበዛ 30 ማይክሮሊትር ነው የሚጠይቀው። 40 ከጠየቀዎት ዱቄቱ ውስጥ ከሬዚን ማላቀቂያው የተረፈ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ አለ። በ15 ከጠራ ደግሞ የመዘኑት ጨው ወይም እርጥበት ነው፤ «10 ሚሊሞላር» ያሉት 6 ሊሆን ይችላል። የዙር ልዩነት የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መጠኑን በሚዛን ብቻ አይመኑ፤ የናፍታሊኑን አልትራቫዮሌት መምጠጥ ከታወቀ ናሙና ጋር ያስተያዩ።

ሌላው፣ ስቶኩ እየቀለጠ እየተመለሰ ሲቆይ ጥቂት ፎስፌት ያጣል። ፎስፌት ያጣው 643.7 ነው፤ በኤችፒኤልሲ (ሞለኪዩሎችን በሚለያይ መሣሪያ) ዘግይቶ ይወጣል፣ በማስ ስፔክትሮሜትር 80 ይቀንሳል። ጥቂት ቢመስልም ለመገጣጠም ዘር ይሆናል፤ ፋይበሩ ሴሉ ጋ ሳይደርስ ቱቦ ውስጥ ይጀምራል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ፣ አንዴ የቀለጠውን አለመመለስ።

ጉድጓድ96

ማይክሮሊትር ያለው ልክ ነው፣ ግን ስቶኩ ንጹሕ ሆኖም ይህ ነገር ይከሰታል። ምክንያቱም ይህ እንደ ተራ መድኃኒት መጠን በጨመረ ቁጥር ቀስ እያለ የሚበረታ አይደለም። ደፍ አለው። ፎስፌት ያጣው መጠን ከደፉ በታች እስካለ ፋይበር የለም፣ ጉዳትም የለም። ደፉን ሲያልፍ ሁሉም በአንዴ ይሆናል። 100 ማይክሮሞላር ደፉ ጠርዝ ላይ ካረፈ ትንሽ ነገር ወዲህ ወይም ወዲያ ይጥለዋል።

ያ ትንሽ ነገር ምንድነው? በመጀመሪያ የሴል ብዛት። ኢንዛይሙ የሚመጣው ከሴሉ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ 3,000 ሴል የዘራና 10,000 የዘራ ሰው አንድ ሙከራ አልሠሩም። 5,000 ብለው ይቁረጡ፣ ሌሊቱን እንዲጣበቁ ይተዉ፣ ሚዲያውን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) ቀይረው ይጨምሩ።

ሁለተኛው ሴረም ነው። የጥጃ ሽል ሴረም የራሱ አልካላይን ፎስፋቴዝ አለው፤ ቀዳሚውን ሴሉ ሳይነካው ሚዲያው ውስጥ ይቆርጠዋል። በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን ላያጠፋው ይችላል። ለማረጋገጥ ቀዳሚውን ሴል በሌለበት ሚዲያ በ37 ዲግሪ አስቀምጦ በ0፣ በ4 እና በ24 ሰዓት ናሙና እየወሰዱ፣ በአሴቶናይትራይል ኢንዛይሙን እያቆሙ በኤችፒኤልሲ ማየት ነው። ይህች አንድ ቀን የማትፈጅ ሙከራ ወራት ታድናለች።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፦ የሚዲያው ፎስፌት። ነጻ ፎስፌት የኢንዛይሙ ውጤት ስለሆነ መልሶ ያግደዋል። አርፒኤምአይ 1640 በሚባለው ሚዲያ ውስጥ 5.6 ሚሊሞላር ገደማ አለ፤ ዲኤምኢኤም ውስጥ 0.9 ገደማ። ካልሲየማቸውም ይለያያል፣ 0.4 እና 1.8 ሚሊሞላር። ካልሲየም ደግሞ ካርቦክሲሎቹን እያገናኘ ፋይበሩን ያስራል። ሁለት ሴል ላይን በሁለት ሚዲያ አሳድጎ «ይኼኛው ይበልጥ ይጎዳል» ማለት ሚዲያን ከሚዲያ ማወዳደር ነው።

ሰንሰለት23

ኤ2780 ሲስ በአርፒኤምአይ ነው የሚያድገው፣ ሌላኛው በዲኤምኢኤም። ይኸው ተገኘ ማለት ነው?

ጉድጓድ96

ከፊሉ። ሁለቱንም ቢያንስ ለሁለት ፓሳጅ (ሴሉ ተከፋፍሎ እንደገና በሚዘራበት ዙር) ወደ አንድ ሚዲያ ያሸጋግሩና ይድገሙት። ሌላ ደግሞ፦ ስቶኩን ቀጥታ ጉድጓዱ ላይ ጠብ አያድርጉ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ 10 ሚሊሞላር ነው፤ እዚያው ይረጋል። በሞቀ ሚዲያ በእጥፍ መጠን አዘጋጅተው 50 ማይክሮሊትሩን በ50 ማይክሮሊትር ላይ ያኑሩ።

ፕላቲነም_ነክ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ሲስፕላቲኑ በምን ነው የሚሟሟው? በዲኤምኤስኦ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት ያቁሙ። ዲኤምኤስኦ በሰልፈሩ ፕላቲነሙን ይይዝና ክሎራይዱን ያስለቅቀዋል፤ የሚቀረው ሌላ ውህድ ነው፤ ሴልን የመግደል ኃይሉም ይሞታል። ብዙ «የተላመደ» ሴል የተላመደው በወረቀት ላይ ብቻ የሆነው በዚህ ነው። በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር (3.3 ሚሊሞላር) ይሟሟል። ክሎራይዱ ሞለኪዩሉን ይጠብቀዋል። ከብርሃን ይከለል፣ ፍሪጅ አይግባ፤ ሲቀዘቅዝ ይዘቅጣል።

በዚያው ምክንያት ፔፕታይዱ ውስጥ ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ሲስቴይንም ሜታዮኒንም፣ አይኑሩ። ሁለቱም ፕላቲነም ይበላሉ። ከዚያ በኋላ የሚያዩት «መመከት» ካንሰሩ ያመጣው ሳይሆን የፔፕታይድዎ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ ይህ መስመር መነሻ አለው። በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የቢንግ ዙ ቡድን በ2015 ያወጣው ሥራ በኤስተሬዝ (ኤስተር በሚቆርጥ ኢንዛይም) የሚቆረጥ ቀዳሚ ተጠቅሞ ፋይበሩን ሴሉ ውስጥ አስገጣጥሞ፣ ሲስፕላቲን በተላመዱ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ሴሎች ላይ የሲስፕላቲኑን ኃይል ከፍ አድርጓል። ልብ የሚባለው ነገር ቀዳሚው ለብቻው ብዙም በማይጎዳበት መጠን መሰጠቱ ነው። ፔፕታይዱ ለብቻው 60 በመቶ እየገደለ ከሲስፕላቲን ጋር 80 ቢሆን ያ እርስ በርስ መበረታታት ነው አይባልም፤ ተራ መደመር ሊሆን ይችላል።

ሴሉን በተመለከተ፣ ኤ2780 ሲስ መላመዱን ይዞ እንዲቆይ በየሁለት ወይም ሦስት ፓሳጁ 1 ማይክሮሞላር ሲስፕላቲን ይሰጠዋል። ያ ሲስፕላቲን ግን ከሙከራው በፊት መውጣት አለበት፤ ቢያንስ አንድ ፓሳጅ ያለ መድኃኒት ይለፍ።

ዲ_አሚኖ

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከመግባታችን በፊት አንድ ደስ የማይል ነገር። «ኤምሲኤፍ-7/ኤዲአር» የሚለው ስም ታሪክ አለው። በዚያ ስም ሲዞር የኖረው ሴል የጡት ካንሰር አልነበረም፤ ሲመረመር ከኦቭካር-8 የእንቁላል ዕጢ ካንሰር የወጣ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ኤንሲአይ/ኤዲአር-አርኢኤስ ተባለ። ያን ሴል ከኤምሲኤፍ-7 ጋር «የተላመደውና እናቱ» ብሎ ማወዳደር ሁለት የማይዛመዱ ሰዎችን እናትና ልጅ ናቸው እንደ ማለት ነው። የአልካላይን ፎስፋቴዛቸው ልክ እንኳ አንድ ይሆናል ተብሎ አይታሰብም፤ የፔፕታይዱ ልዩነት ሁሉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ የዲኤንኤ መለያ ምርመራ ይደረግ፤ ከዚያ ጥንዱ ከአንድ እናት የወጣ መሆን አለበት።

ፋይበር_ብቻ

ጥሩ ማሳሰቢያ ነው። ግን ፓምፑን ስለማምለጥ ጥያቄው ቀላል ይመስለኛል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን አንድ አንድ ሞለኪዩል ነው የሚያወጣው። ማይክሮሜትር የሚረዝም ፋይበር በፓምፑ ሆድ አያልፍም። መድኃኒቱ ፋይበሩ ውስጥ ካለ አመለጠ።

ዲ_አሚኖ

ወንድሜ፣ ፋይበሩ ያመልጣል፤ መድኃኒቱ ግን ፋይበሩ ውስጥ እያለ ዲኤንኤን አይነካም። ሊሠራ መውጣት አለበት። ሲወጣ ደግሞ ያው ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ያው ፓምፕ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በ1976 በጁሊያኖና በሊንግ ስሙን ካገኘ ጀምሮ የሚታወቀው ጠባዩ ይህ ነው፦ ከሽፋኑ ስብ ውስጥ ነጻውን ሞለኪዩል እየለቀመ ወደ ውጭ ይጥላል። ስለዚህ ጥያቄው «ያመልጣል ወይ» ሳይሆን «የሚፈታው የት ነው፣ በምን ፍጥነት?» የሚል ነው።

ሴሉ ውስጥ ቶሎ፣ ከፓምፑ አቅም በላይ ከተፈታ ለጊዜው ይሠራል። ቀስ ብሎ ከፈሰሰ ፓምፑ እየጠረገ ይቆያል፤ ፋይበሩ የመድኃኒት ማቆያ ሆነ እንጂ መላመዱን አልሰበረም። ሴሉ ውጭ ከተፈታማ ተራ ዶክሶሩቢሲን ነው።

ስለዚህ አያያዙ ላይ ነው ጨዋታው። ዝም ብሎ መደባለቅ ደካማው መንገድ ነው፤ ዶክሶሩቢሲን ፖዘቲቭ፣ ቀዳሚው ኔጋቲቭ ስለሆኑ ገና ኢንዛይም ሳያይ ቀይ ዝቃጭ ይፈጥራሉ፤ ያንን «ጭነት» ብሎ የዘገበ አይጠፋም። የተሻለው መድኃኒቱን ራሱን የፔፕታይዱ አካል ማድረግ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ የሆንጋንግ ኩይ ቡድን ካምፕቶቴሲንን በዳይሰልፋይድ ድልድይ ከታው ፕሮቲን ከተወሰደ አጭር ፔፕታይድ ጋር አስሮ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት መድኃኒት በማሰር የመድኃኒቱን ድርሻ 23፣ 31 እና 38 በመቶ ላይ ቆርጦታል። ድርሻው በዙር አይለዋወጥም፤ በኬሚስትሪው ተወስኗል። ድልድዩን የሚቆርጠው ግሉታታዮን ነው፤ ሴል ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ይገኛል፣ በደም ፈሳሽ ግን በማይክሮሞላር ነው። ልዩነቱ የት እንደሚፈታ ይወስናል። ከዚህ በላይ ደግሞ ብዙ የተላመዱ ሴሎች ግሉታታዮን ያበዛሉ፤ ለሲስፕላቲን ጠላት የሆነው ነገር እዚህ ያግዛል።

ፋይበር_ብቻ

ተቀብያለሁ፣ በአንድ ጭማሪ። ፋይበሩ ራሱ ገዳይ ሲሆን፣ ማለት ያለ ምንም መድኃኒት ሽፋኑን ሲያውክ ወይም ማይቶኮንድሪያ ላይ ሲከማች፣ ፓምፑ የሚያወጣው ነጠላ ሞለኪዩል የለውም። ለእኔ የዚህ መስክ ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ የመድኃኒት ተሸካሚነቱ ሁለተኛ ነው።

ዲ_አሚኖ

እዚህ እንስማማለን።

ቁጥጥር_የት_አለ

ሁላችሁም ፋይበሩ ገደለ እያላችሁ ነው። በምን ታውቆ? ቀዳሚው ገብቶ ሴሉ ሲሞት ቢያንስ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ፋይበሩ፣ ፎስፌት ያጣው ነጠላ ሞለኪዩል፣ ወይም ናፍታሊን የያዘ ማንኛውም ቅባታም ነገር። እነዚህን ሳይለዩ መላመድን ሰበርኩ ማለት አይቻልም።

የሚያስፈልጉት፦ ከፌኒልአላኒኖቹ አንዱ በአላኒን የተተካበት ወንድም ሞለኪዩል፤ ፎስፌቱ ይቆረጣል፣ ግን በዚያው መጠን አይገጣጠምም። ይህ ሳይገድል ዋናው ከገደለ ጣት ወደ ፋይበሩ ይጠቁማል። ቀጥሎ ኢንዛይሙን ማገድ። የእንግዴ ልጁ ዓይነት ፎስፋቴዝ በኤል-ፌኒልአላኒን ይታገዳል፤ ሚሊሞላር መጠን ይፈልጋል፣ 5 ያህል ይሞከር። ዲ-ፌኒልአላኒን ግን አያግደውም፤ እነሆ የተዘጋጀ ኮንትሮል፣ ያው ክብደት ያው ጠባይ፣ ቅርጹ ብቻ የመስታወት ግልባጭ። የጉበት፣ አጥንትና ኩላሊቱ ዓይነት ደግሞ በሌቫሚዞል ይታገዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጉ የትኛው ኢንዛይም እንደሚሠራ ይታወቃል። ዲኤምኢኤም ገና ከጠርሙሱ 0.4 ሚሊሞላር ኤል-ፌኒልአላኒን እንዳለው አይዘንጋ።

የኤል-ቅርጹ ሞለኪዩልም ይሠራ። ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች የኤሉን በሰዓታት ይበሉታል፣ ዲው ይቆያል። የሁለቱ ልዩነት ፋይበሩ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት ይነግራል።

ለማየት ደግሞ፦ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዩራኒል አሴቴት ስትቀቡ ፎስፌት ባፈር ካለ ዩራኒል ፎስፌት ይዘቅጣል፤ ጥቁር መርፌ የመሰለውን ሁሉ ፋይበር ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። 5 ማይክሮሊትር ናሙና ለ60 ሰከንድ፣ ሁለቴ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ 2 በመቶ ዩራኒል አሴቴት። ባዶ ባፈሩም በዚያው መንገድ ይታይ። ሲደርቅ የሚፈጠር ፋይበርም አለ፤ ጥርጣሬ ካለ በረዶ ውስጥ የሚታየው ክራዮ ነው ዳኛው። ቲዮፍላቪን ቲ (ፋይበር ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም) አበራ አላበራ በሚለው ብቻ አትፍረዱ፤ አጫጭር የአሮማቲክ ፔፕታይዶች ላይ አንዳንዴ ዝም ይላል።

ጉድጓድ96

በዚህ ላይ የንባቡ ችግር። ኤምቲቲ (በሕይወት ያለን ሴል በቀለም የሚለካው ዘዴ) ለዚህ ሥራ አይመችም። ወይን ጠጅ ቀለሙ ክሪስታል ፋይበሩ መረብ ውስጥ ይያዛል፤ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ አንዳንዴ ሚዲያው ሲቀዳ አብሮ ይወጣል። በአንዱ የሞተ ያስመስላል፣ በሌላው ያልሞተ። ዶክሶሩቢሲንም የራሱ ቀይ ቀለም አለው። ኤቲፒ የሚለካው የብርሃን ዘዴ ይሻላል፤ ከጎኑ ቢያንስ አንድ መጠን ላይ ሴል በእጅ ይቆጠር።

የዶክሶሩቢሲን ብርሃንን ተከትላችሁ «ብዙ ገባ» የምትሉም ተጠንቀቁ። ዲኤንኤ ውስጥ ሲሰካ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ተደራርቦም ይጠፋል። ደማቁ ሴል የግድ ብዙ መድኃኒት ያለበት አይደለም። የፓምፑን ሥራ ለማየት ፓምፑ የሚያወጣው አብሪ ቀለም ሮዳሚን 123 ይሻላል፦ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መጫን፣ ማጠብ፣ ለ1 ሰዓት እንዲያወጣ መተው፣ አንዱን ፓምፑን ከሚያግደው ቬራፓሚል ጋር አንዱን ያለሱ። ሌላው ቀለም ካልሴይን-ኤኤም በኤስተሬዝ ስለሚበራ ቀዳሚያችሁም በኤስተሬዝ የሚቆረጥ ከሆነ ይሻማሉ፤ ያኔ አትጠቀሙበት።

ፕላቲነም_ነክ

ስሌቱን ልጨምር። አብዛኛው ሰው የቾው-ታላላይ መጣመሪያ መጠቆሚያን (ከ1 ሲያንስ መድኃኒቶቹ ይበረታታሉ የሚባልበትን ቁጥር) ያወጣና ከ1 በታች ሲሆን ይደሰታል። ስሌቱ ግን ሁለቱም መድኃኒቶች ለስላሳ የመጠን-ውጤት መስመር አላቸው ብሎ ነው የተነሳው። ደፍ ያለው ፔፕታይድ መስመሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል፤ ጠርዙ ላይ የወጣው መጠቆሚያ ዋጋ የለውም። ፔፕታይዱን ደፉ ሥር ባለ አንድ ቋሚ መጠን ይያዙ፣ ሲስፕላቲኑን በስምንት መጠን ይዘርጉ፣ በብሊስ ስሌት (ሁለቱ ሳይነካኩ ለየብቻቸው ቢሠሩ የሚጠበቀውን ውጤት በሚያሰላው) ያወዳድሩ።

ዋናው ንጽጽር ግን ከዚህም ይቀልላል። ያው ፕሌት ላይ ያልተላመደው እናት ሴል ይኑር። ፔፕታይዱ የሲስፕላቲኑን ግማሽ-ገዳይ መጠን በተላመደው ላይ አራት እጥፍ፣ በእናቱም ላይ አራት እጥፍ ካወረደ መላመዱ እንዳለ ነው። በተላመደው ብቻ ከወረደ፣ ወይም እዚያ በጣም ከበለጠ፣ ያኔ ስለ መላመድ ማውራት ይቻላል። ብዙ ሥራ እናቱን ሳያስገባ ይወጣል፤ ያሳዝናል።

ሰንሰለት23

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ፦ ይህ በደም ሥር የመሰጠት ተስፋ አለው?

ዲ_አሚኖ

በፎስፋቴዝ የሚቀሰቀሰው በደም ሥር ያስፈራኛል። አልካላይን ፎስፋቴዝ የካንሰር ብቻ አይደለም፤ ጉበት፣ አጥንት፣ ኩላሊት አላቸው፣ ደሙም ራሱ አለው። ደፉ ያልነው ነገር እዚህ ሁለት ስለት ነው፦ ደሙ ውስጥ ሲበረዝ ከደፉ ይወርድና እንዳይገጣጠም ይጠብቀዋል፣ ዕጢው ጋ ግን ደፉን ለማለፍ የሚበቃ መጠን ማድረስ ያስቸግራል። ዕጢው ውስጥ ቀጥታ መውጋት ለጊዜው የተሻለ ነው። የዲ-ቅርጹ አለመበላትም ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ከሥራው በኋላ ማን ያጠፋዋል?

ፋይበር_ብቻ

ግን ራሱን የሚገጣጥም ፔፕታይድ ሰው ላይ አይሰጥም የሚል እንዳይኖር። ላንሪዮታይድ በውሃ ውስጥ 24 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ናኖቱቦ ይሠራል፤ ጄል ሆኖ ከቆዳ ሥር 120 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ ይወጋል፤ በአሜሪካ ለጨጓራ፣ አንጀትና ቆሽት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ በ2014 ጸድቋል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ዴጋሬሊክስም ከቆዳ ሥር ጄል ይሆናል። ሁለቱም ቀስ ብለው ለመለቀቅ እንጂ መላመድ ለመስበር አይደሉም፤ የተወጋው ጄል ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚፈታ ለማየት ግን ከነሱ መጀመር ይበጃል።

ማይክሮሊትር

ሰንሰለት፣ ከመሮጥዎ በፊት ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርጉት፦ ዛሬ ያለውን ስቶክ በኤችፒኤልሲ ያሳዩ፣ ነገ ሴል በሌለበት ሚዲያ የ24 ሰዓቱን ያስኬዱ። ሲስፕላቲኑን አዲስ በጨው ውሃ ያሟሙ። የኤዲአሩን ሴል የዲኤንኤ መለያው እስኪመጣ ድረስ አይንኩት።